ጆሮ የማያሳምም ማዳመጫ

ጆሮዎቼን በደንብ ያወቅኳቸው ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ጉትቻ ማንጠልጠያ ነበሩ። ሬዲዮ ፊት መቀመጥ ከጀመርኩ ወዲህ ግን የቀኙ ከግራው ትንሽ ወጣ ያለ መሆኑን፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ጫፉ እንደሚግል፣ ከሦስት ሰዓት በኋላ እንደሚደነዝዝ፣ ከአምስት ሰዓት በኋላ ደግሞ አንድ ሰው በደህና ቀን «ሻይ ላምጣልሽ?» ቢለኝ እንኳ የሚያስጮኸኝ ንዴት ከዚያው ከጆሮዬ ተነስቶ አናቴ ላይ እንደሚወጣ አውቃለሁ። ድሮም ትዕግሥት አልነበረኝም። የነበረችኝን ትንሽዬ ትዕግሥትም ማዳመጫው ጨረሰብኝ።

ሬዲዮው የእኔ አይደለም፤ የኡስታዙ ነው። ኡስታዝ የምንላቸው አስተማሪ ስለነበሩ ነው። በወጣትነታቸው ባቡር ጣቢያ ቴሌግራፍ ይመቱ ነበር፤ ኋላ ሙያውን ለሌሎች ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ወጡ። እንደ እኩዮቻቸው ጥላ ሥር ተቀምጦ ሻይ መጠጣት ግን አልሆነላቸውም። ጣሪያቸው ላይ ሽቦ ዘርግተው አማተር ሬዲዮ የሚባለውን ያዙ። ደመወዝ የለውም፣ ትርፍ የለውም፤ አይቶት ከማያውቀው ሰው ጋር በአየር ላይ ሰላም መባባል ደስ የሚለው ሰው የሚይዘው ሥራ ነው። የፈቃድ ወረቀታቸው በመስታወት ገብቶ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። እንግዳ ሲገባ መጀመሪያ የሚያሳዩት እሱን ነው፤ በዚህ ዘመን አንቴና ያለበት ቤት በጸጥታ ሰዎች ብዙ ይጠየቃል።

እኔ ያኔ ገበያው ውስጥ ስልክ እጠግን ነበር። አንድ ቀን የተበጠሰ የማዳመጫ ገመድ ይዘው መጡና በየድኩላቸው። ሥራዬን አገላብጠው አዩና «ያ ቢንቲ፣ እጅሽ አይንቀጠቀጥም» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው። በሳምንቱ ቤታቸው ሄጄ ሬዲዮውን ራሱን ከፈትኩት፤ በወሩ ማይኩን ሰጡኝ።

የመጀመሪያው ትምህርቴ አዎ ማለት ነበር። የእኛ አገር ሰው አዎ ለማለት ሁልጊዜ ቃል አያወጣም። ትንፋሹን ሳብ ያደርግና እንደ ደነገጠ ሰው ወደ ውስጥ «እህ» ይላል፤ በቃ፣ አዎ ብሏል። ጎንደሬውም፣ ካምፕ ያለው ትግሬውም እንዲሁ ነው። እኔ ደግሞ ከሁሉም እብሳለሁ፤ ቀኑን ሙሉ እንደዚያ እያልኩ ስውል ራሴን አልሰማውም። ኡስታዙ ይስቁብኝ ነበር። «እናንተ ሐበሾች አይዋን ትውጡታላችሁ!» ይላሉ፤ አይዋ የእነሱ አዎ ነው። «ሬዲዮ ላይ የተዋጠ ነገር አይሄድም። አውጪው!» እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ጮክ ብዬ «አዎ! አዎ!» እያልኩ ለመድኩ። ለመድኩ ስል ማይክ ስይዝ ብቻ ነው።

ጦርነቱ መጥቶ የስልክ ኔትወርክ በየጊዜው መጥፋት ሲጀምር የእኔም ሥራ አብሮ ጠፋ። የማይሠራ ስልክ የሚያስጠግን የለም። ጨዋታ የነበረው ሬዲዮም ቁም ነገር ሆነ። ከካርቱም የተፈናቀለው ሁሉ ኡስታዙ በር ላይ ቁራጭ ወረቀት ይዞ ይቆማል። የወረቀቱ ቃል ያው ነው፤ ደርሰናል፣ አለን፣ እናንተስ? እኛ ደግሞ ፖርት ሱዳንና ከሰላ ላሉ የኡስታዙ የሬዲዮ ወዳጆች እናነብላቸዋለን፤ እነሱ የሚፈለገውን ሰው ፈልገው መልሱን ያመጣሉ። የኡስታዙ ወገብ መቀመጥ ስለማይችል ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ወንበሩ ላይ የምውለው እኔ ነበርኩ። ማዳመጫ የጠላቴ ስም የሆነው እዚህ ላይ ነው።

የኡስታዙ ማዳመጫ በዕድሜ ይበልጠኛል። አናት ላይ የሚያልፈው ጠፍጣፋ ብረት ነው፤ ጆሮ ላይ የሚያርፈው ደግሞ እንደ ድስት ክዳን የጠነከረ ጥቁር ነገር፣ ስፖንጅ የሚባል ያልነካው። እኔ «ብረቱ» ነበር የምለው። ሹሩባ የተሠራሁ ሰሞን ጉንጉኑ ላይ ያርፍና እንባዬን ያመጣዋል። በዚያ ላይ መነጽር አደርጋለሁ፤ የመነጽሩን ዘንግ ከጆሮዬ ጀርባ ካለው አጥንት ጋር ያጣብቀዋል። ድምፁ ግን፣ መካድ አልችልም፣ ጥርት ያለ ነበር። ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ወንበሩን ሲስብ፣ ወረቀት ሲገልጥ ይሰማል። ችግሩ የማይሰማ ነገር አለመኖሩ ነው። የሩቅ መብረቅ ይንጣጣል፣ የጎረቤት ጄኔሬተር ያጉረመርማል፣ ከሥሩ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሽሽሽ የሚል የማያባራ ነገር አለ። ማታ ቤቴ ገብቼም ሽሽታው አይለቀኝም ነበር።

ስለዚህ የሚመች ማዳመጫ ፍለጋ ተነሳሁ። መጀመሪያ ጆሮ ውስጥ የሚገባውን የስልክ ኢርፎን ሞከርኩ፤ ሱቄ ውስጥ ሞልቶ ነበር። በኸሪፍ፣ በክረምቱ ማለት ነው፣ ገዳሪፍ ዝናቡ ሲያቆም ትታፈናለች። ጆሮዬ ውስጥ ላብ ተጠራቀመ፣ በሳምንቱ አሳከከኝ፣ በሁለተኛው ሳምንት መግል ያዘ። ከፋርማሲ የሰጡኝን ጠብታ እያንጠባጠብኩ ወደ ብረቱ ተመለስኩ።

ቀጥሎ ጎረምሶች ለጌም የሚገዙት፣ በጎኑ ቀይ መብራት የሚያበራው ትልቁ መጣ። ለስላሳ ነበር፣ አልዋሽም። ግን ልባሱ ቆዳ መሳይ እንጂ ቆዳ አይደለም፤ በወሩ ሙቀቱ ላጠው። ጥቁር ጥቁር ቅርፊት ጉንጬ ላይ ተለጥፎ ወደ ገበያ እወጣለሁ፤ ያየኝ ሁሉ ጥላሸት መስሎት ሊጠርግልኝ እጁን ይሰዳል። ሦስተኛው የትራክተር ሹፌሮች ሞተሩ እንዳያደነቁራቸው የሚያደርጉት መከለያ ነው። ውስጡን ፈልፍዬ ራሴ ድምፅ ማውጫ ገጠምኩለት፤ ኩራቴ ልክ አልነበረውም። የውጭውን ጫጫታ ጭጭ አደረገው። ክብደቱ ግን አንገቴን ሰበረው። በማግስቱ ወደ ግራ መዞር አቅቶኝ፣ የሪክሻው፣ የባጃጁ ማለት ነው፣ ሹፌር በዚያ ጎን ሲያናግረኝ ከወገቤ ጀምሬ እንደ በር ነበር የምዞረው።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ አወቅኩ። ጆሮ ላይ የሚቀመጥ ሳይሆን ጆሮን የሚከብ መሆን አለበት። ልባሱ ጨርቅ ይሁን፣ ላብ የሚጠጣ። ገመዱ በአንድ ወገን ብቻ ከወረደ ቀኑን ሙሉ ጭንቅላትሽን ወደዚያ ይስበዋል፤ ከልብስሽ ጋር ቆንጥጠሽ ያዢው። ከአሮጌ ነጠላ ሁለት ጥንድ ሽፋን ሰፋሁና ቀትር ላይ እየቀየርኩ አጥብ ጀመር። ሹሩባ ሠሪዬንም ብረቱ የሚያልፍበትን መሀሉን ዝቅ አድርገሽ ሥሪልኝ አልኳት። «ለማን ነው ይሄ መንገድ?» ብላ ሳቀችብኝ። ይሄ ሁሉ ሆኖ ብረቱ ብረት ነው።

ይህን ሁሉ ሳደርግ ወንድሜ ከእኔ ጋር ይኖር ነበር። በሁለት ዓመት ነው የምበልጠው። በመተማ በኩል ሲመጣ ሐሳቡ ገዳሪፍ አልነበረም፤ ወደ ሊቢያ ማለፍ ነበር። እኔ ደግሞ አላሳልፍም አልኩ። ስልክ መጠገን ላስተምርህ፣ ኔትወርኩ ሲመለስ ሱቁን አብረን እንይዛለን እያልኩ አሰለቸሁት። ክረምቱ ሲገባ ፋሽጋ፣ ሰሊጥ አረም ሊሠራ እንደሆነ ነገረኝ፤ ለመንገዱ ስንቅ ይሆነኛል አለ። ፋሽጋ ለም ነው፣ ሥራም አለ። ግን ድንበር ላይ ያለ፣ ሁለት አገር የሚጣላበት መሬት ነው፤ በክረምት ደግሞ የገባ በቶሎ አይወጣም። ተቆጣሁ። «አንቺ እዚህ ተተክለሽ ቀርተሻል፤ እኔንም ልትተክይኝ ነው» አለኝ። ያ ቃል ቆሽቴን አሳረረው። «ከሄድክ እህት አለችኝ አትበል!» አልኩት። ቁርሱን ሳይበላ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወጣ። በር ድረስ እንኳ አልሸኘሁትም፤ ሬዲዮ ይጠብቀኛል ብዬ ሮጥኩ። ያለኝ አንድ ወንድም ነው፣ እናታችንም በአደራ የሰጠችኝ እሱን ነው። እኔ ግን ፀብ ይዤ ለቀቅኩት።

የተቀጠረበት እርሻ፣ መሽሩዕ ይሉታል፣ ባለቤቱ የኡስታዙ ዘመድ ናቸው። ኔትወርኩ ሲጠፋ ኡስታዙ ትርፍ የነበረቻቸውን ትንሽ ሬዲዮ አውሰዋቸው ነበር። እዚያ የሚይዛት ወኪሉ ነው፤ ሠራተኛውን የሚያሠራ፣ ቋራ ተወልዶ ሱዳን ያረጀ ጎልማሳ። ፊቱን አይቼው አላውቅም። ባትሪው በፀሐይ ስለሚሞላ በቀን ሁለቴ ብቻ ይከፍታል፤ ጠዋት አራት ሰዓትና ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ። ናፍጣው አለቀ፣ ዱቄቱ ደረሰ፣ ይላል። እኔ መጨረሻ ላይ «ሁሉም ሰላም ናቸው?» እላለሁ፤ ስለ ወንድሜ ለይቼ መጠየቅ ኩራቴ አልፈቀደልኝም። ለሦስት ሳምንት እንዲህ ቆየን።

በአራተኛው ሳምንት ወኪሉ ራሱ ጀመረው። «እህትዬ፣ ወንድምሽን ትኩሳት ጥሎታል። ያለንን ክኒን ሰጥተነዋል። ዋልካው ትራክተር ውጦ አላስወጣ ብሏል እንጂ እናመጣልሽ ነበር። ጭቃው ጠጠር ሲል እናወጣዋለን፣ አይዞሽ።» ዋልካ ሲርስ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ሰው ጫማውን ትቶለት ያልፋል። ወባ ይሁን ካላዛር ወኪሉ አያውቅም፣ እኔም አላውቅም። ከዚያን ቀን ጀምሮ እግሬ መሬት አልያዘም።

አዲሱ ማዳመጫ የደረሰው በዚያው ሳምንት ነው። ፖርት ሱዳን ያለ የኡስታዙ የሬዲዮ ወዳጅ፣ ስለ ጆሮዬ በአየር ላይ ሳማርር ሰምቶ ኖሮ፣ በአውቶቡስ ላከልኝ። ቀላል ነው፤ አናት ላይ መኖሩ አይታወቅም። ጆሮን ይከባል፣ ልባሱ ጨርቅ ነው። ገመዱ መሀል ላይ የክብሪት ቀፎ የምታህል ሳጥን አለችው፤ የሰው ንግግር የሆነውን ታሳልፋለች፣ ንግግር ያልሆነውን ሁሉ ታጠፋለች። ሰክቼ አደረግኩት። ሽሽታው ጠፋ። መብረቁ ጠፋ። ሰው ሲናገር ቃሉ ብቻ ይመጣል፤ ሲጨርስ ጸጥ። ስምንት ሰዓት ተቀምጬ ጆሮ እንዳለኝ ረሳሁ። ደስ ከማለቱ የተነሳ ብረቱን ምስማር ላይ ሰቅዬ «አንተ ጡረታህን ውሰድ» አልኩት። ኡስታዙ አንዴ አድርገው ሞከሩትና ፊታቸውን ቋጠር አደረጉ። «ሬዲዮ ሳይሆን ባዶ ቤት ነው» አሉ። ያረጀ ሰው አዲስ ነገር አይወድም ብዬ ተውኳቸው።

ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ወኪሉ መጣ። ኡስታዙ አልነበሩም። ወኪሉ የእርሻውን ጉዳይ ሲጨርስ ኩራቴን ትቼ «ወንድሜስ?» አልኩ።

«ቆይ አንዴ» አለኝ።

ጠበቅኩ። ማዳመጫው ውስጥ ምንም የለም። ቁልፉን ተጫንኩና «ደህና ነው?» አልኩ። ለቀቅኩ። ምንም። «በሕይወት አለ?» ምንም። «ትሰማኛለህ?» አልኩ። ለስላሳው ማዳመጫ ጆሮዬን አቅፎ፣ ውስጡ ንጹሕ ዝምታ ብቻ።

ዝምታ ለሌላ ሰው ዝምታ ነው፤ ባትሪ አልቆ ይሆናል፣ ሽቦ ላልቶ ይሆናል። ለእኛ ግን ትርጉም አለው። እኛ ሰው ሞተ ብለን በሩቅ አንነግርም። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ለብቻዋ ለተቀመጠች ሴት አይነገርም። ሰው ተጠርቶ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ ተገብቶ ነው የሚነገረው። እስከዚያ የሚያውቀው ሰው አፉን ይይዛል፤ ሲጠየቅ «ቆይ» ይላል። ወኪሉም «ቆይ» አለ፣ ከዚያ አፉን ያዘ። እኔ ብሆን የማደርገው ይህንኑ ነበር። ሰማይ ተደፋብኝ። ማዳመጫውን አውልቄ ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩና ደህና ሁን ሳልል፣ ሬዲዮውን ሳላጠፋ ወጣሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተመለስኩ፤ ወኪሉ የለም። ዓርብ የለም። ቅዳሜ የለም። ሰማዩ ሁለት ቀን ሙሉ ጠቁሮ ነበር፤ የእርሻው ባትሪ ያለ ፀሐይ እንደማይሞላ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ግን እውቀት ምን ያደርጋል? መቀመጥ አልቻልኩም። ወደ መናኸሪያ እሄዳለሁ፣ ከድንበር በኩል የመጣ የጭነት መኪና ሹፌር እየያዝኩ ስለ ፋሽጋ እጠይቃለሁ፤ «መንገዱ ዝግ ነው» ይሉኛል፣ ለሌላው ደግሞ ያንኑ እጠይቃለሁ። ወንድሜ ትቶት የሄደውን ሸሚዝ አጠብኩት። ሳይደርቅ እንደገና አጠብኩት። ሰው ሰላም ሲለኝ ዓይኑን አያለሁ፤ ሰምቶ ይሆን? ለምን አቀረቀረ?

እሑድ ጎህ ሳይቀድ በሬ ተንኳኳ። ከፈትኩ። የግቢያችን ሴቶች ሦስት ሆነው፣ ነጠላቸውን ተከናንበው ቆመዋል። እንግዲህ ሦስት ሴት፣ በዚያ ሰዓት፣ በነጠላ! «ተናገሩ!» ብዬ ጮህኩ። «አውቄዋለሁ፣ በቃ ተናገሩ!» ደረቴን መምታት ጀመርኩ። ሴቶቹ ደንግጠው እርስ በርስ ተያዩ። አንደኛዋ «ኧረ በስመአብ በይ! የውሃ ጋሪው መጥቷል፣ ጀሪካንሽን አውጪ ልንልሽ ነው» አለችኝ። ወደ ቤተ ክርስቲያን ሊሄዱ ተሰናድተው ነበር ነጠላ የለበሱት። ጀሪካኔን አወጣሁላቸው፤ ክዳኑን ጣልኩት።

በዚያው እግሬ ወደ ኡስታዙ ቤት ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ፀቡን፣ ዝምታውን፣ መርዶውን። ሰሙኝና «መጀመሪያ ዕቃውን እንፈትሽ» አሉ። የቴሌግራፍ ሰው ነገር እንዲህ ነው፤ ሰው ሲያለቅስ ሽቦ ይፈትሻል። ተናደድኩ፤ ግን የሚሠራ ነገር ማግኘት ይሻለኝ ነበር። በእጅ የምትያዘዋን ትንሽ መነጋገሪያ ሰጡኝና ወደ ግቢው በር ላኩኝ። እሳቸው ውስጥ ተቀምጠው ለስላሳውን ማዳመጫ አደረጉ።

«ትሰሚኛለሽ?» አሉ።

መለስኩላቸው።

«ያ ቢንቲ፣ ትሰሚኛለሽ?»

መለስኩ። ዓይኔ መንገዱ ላይ ነው፣ ልቤ ፋሽጋ ነው።

«ትሰሚኛለሽ ወይስ አትሰሚኝም?»

አሁንም መለስኩ። በመጨረሻ ማዳመጫውን አንገታቸው ላይ አድርገው በሩ ላይ ብቅ አሉ። «ለምን አትመልሺልኝም?»

«ሦስት ጊዜ መለስኩልዎት እኮ!»

«እንዴት ብለሽ?»

ትንፋሼን ሳብ አድርጌ አሳየኋቸው። ሊስቁ አፋቸውን ከፈቱና ተዉት። ወደ ውስጥ ገቡ፣ ብረቱን ከምስማሩ አውርደው አደረጉና በመስኮቱ በእጃቸው ምልክት ሰጡኝ። መነጋገሪያዋን አፌ ላይ አድርጌ ትንፋሼን ሳብኩ። ኡስታዙ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ፤ ሰምተዋል። እንደገና ለስላሳውን አደረጉ፤ ሳብኩ፤ እጃቸውን አወዛወዙ፣ የለም። ለሳጥኗ ያ ትንፋሽ ንግግር አይደለም። ሽሽታና መብረቅ ነው።

እዚያው በሩ ሥር ቁጭ አልኩ። እንግዲህ ወኪሉ መልሶልኝ ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል። ደህና ነው ወይ ስለው አዎ ብሎ፣ እኔ ደግሞ ለጆሮዬ ምቾት ስል አጥፍቼው ይሆናል። ወይም ያ ዝምታ በእርግጥም ያሰብኩት ዝምታ ነበር። መርዶውን ከማወቅ የባሰ ነገር ያን ቀን አገኘሁ፤ ተስፋ ማድረግ።

ለስላሳውን ማዳመጫ ከነሳጥኗ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩ። ብረቱን አደረግኩ። የነጠላውን ሽፋን ሳይቀር ገፈፍኩት፤ በእኔና በድምፁ መሀል ምንም እንዲኖር አልፈለግኩም። ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ተቀመጥኩ። አራት ሰዓት ሆነ፤ ወኪሉ የለም። ሌላ መልእክት ይዘው በር ላይ የቆሙትን ኡስታዙ ነገ ኑ ብለው መለሱልኝ። ጆሮዬ ጋለ፣ ደነዘዘ፣ ከዚያም አልፎ የእኔ መሆኑ ቀረ። ሻይ አመጡልኝ፤ በረደ። ቀትር ላይ ደመናው ተገለጠና ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ጠረጴዛው ላይ አረፈች። በሕይወቴ ፀሐይን እንደዚያ አፍጥጬ አይቼ አላውቅም። ሙዪ፣ ሙዪው ያን ባትሪ፣ እላለሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ ሽሽታው ውስጥ አንድ ነገር ተንኳኳ። ቀጥሎ የወኪሉ ድምፅ መጣ። «እህትዬ፣ እንደምን ከረምሽ? ዛሬስ ፀሐይ ወጣችልን።»

«ወንድሜ በሕይወት አለ?» አልኩ፣ ሰላምታውን ዘልዬ።

«ኧረ ምነዋ እህትዬ! አለ እንጂ! ትኩሳቱም ትናንት ለቀቅ አድርጎታል።»

ወደ ኡስታዙ ዞርኩ። ኡስታዙ ከፊቴ አነበቡትና ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ። ወኪሉ ግን አልጨረሰም።

«አንቺ ግን ምነው እንዲህ ጨከንሽ?» አለ። «ሐሙስ ዕለት መነሳት ቢያቅተው፣ ሬዲዮዋን ከነባትሪዋ ተሸክሜ ፍራሹ ጎን ወሰድኩለት። ማይኩን አፉ ላይ ያዝኩለት። ስትጠይቂ ሦስት ጊዜ መለሰልሽ፣ ጎኑ ተቀምጬ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አንቺ ዘግተሽው ሄድሽ። እሱ ኸዚያ ወዲህ ፊቱን አዙሮ ‹አልታረቀችኝም› ነው የሚለው። ሾርባውንም በልመና ነው የሚቀምሰው።»

በሕይወት አለ ወይ ብዬ የጠየቅኩት ራሱን ነበር። አለሁ ያለኝም ራሱ ነበር። በዚያች በቀረችው ትንፋሽ ሦስት ጊዜ አዎ አለኝ፤ እኔ ጆሮዬ ተመችቶት ጥዬው ወጣሁ። በር ድረስ ሳልሸኘው ቀርቼ፣ እንደገና እንዲሁ ሳልሸኘው ሄድኩ። እንዲህ ያለ ኀፍረት ከዚያ በፊት አላውቅም፣ ከዚያ በኋላም አላውቅም።

«ስጠው» አልኩት ወኪሉን። «አሁኑኑ አፉ ላይ ያዝለት።»

የፍራሽ መንኮሻኮሽ ተሰማኝ፣ የሰው ሳል፣ ራቅ ያለ የዝንብ ድምፅ። ቁልፉን ተጫንኩ። «እኔ ነኝ» አልኩ። «እህትህ ነኝ። ያን ዕለት አልሰማሁህም እንጂ አልጨከንኩብህም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ መጀመሪያም፣ ኋላም። ታርቀናል?»

ቁልፉን ለቀቅኩና ብረቱን በሁለት እጄ ይዤ ጆሮዎቼ ላይ ራሴ ጫንኩት፤ ጉንጉኔ እስኪጎረብጠኝ፣ የመነጽሬ ዘንግ አጥንቴ ላይ እስኪሰነቀር። ሽሽታው ሞልቷል፣ መብረቁ ወዲያ ማዶ ይንጣጣል። ከሁሉ ሥር አንዲት አጭር ትንፋሽ ወደ ውስጥ ተሳበች።

ያችን አዎ እንደገና ልስማት ብዬ ደግሜ ጠየቅኩት።